የታችኛዋ ጎረቤት መብራት

እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ብላ ነጠላዋን የተኮሰችው ያን ቀን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማረች ሴት ናትና ቤት መዋል አንገሽግሿት ከርሟል። በኢንተርኔት ቋንቋ የሚያስተምር አንድ ድርጅት፣ ለቢሮ ሠራተኞች አፋን ኦሮሞ የሚያስተምርለት ሰው ሲያፈላልግ እሷን አገኘ። ከእንጦጦ ማዶ ከገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ከአማርኛው ጋር እኩል አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው። ብቻ መጀመሪያ የሙከራ ትምህርት ትስጥ ተባለ፤ ያን ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቪዲዮ። ካለፈች ሥራው የእሷ ነው። ካላለፈች ደግሞ በየጧቱ ስለ አለባበሴ እኔን መምከሯን ትቀጥላለች። ስለዚህ እንድታልፍ ከእሷ እኩል እጸልይ ነበር።

ያለን ላፕቶፕ ወንድሜ ለራሱ አዲስ ሲገዛ የተወልን አሮጌ ነው። በቤታችን የኮምፒውተር ሐኪም እኔ ነኝ፤ ማንም አልሾመኝም፣ ሌላ ተወዳዳሪ ስለሌለ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሲስተሙን አፕግሬድ ላድርገው ብላት እናቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ከልክላኝ ነበር። ያን ቀን ጧት የቪዲዮውን ፕሮግራም ልጭን ስሞክር፣ ሲስተሙ አርጅቷልና አልሠራም አለ። እኔም ነግሬሽ ነበር የሚለውን ቃል በጥርሴ ይዤ አፕግሬዱን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቦታ የለኝም አለ። ሆዱን ሞልቶት የተገኘው የወንድሜ ሠርግ ነው፤ አንዱን ቪዲዮ ሦስት ቦታ ገልብጠነዋል። ወደ ፍላሽ አወጣሁት። ከዚያ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመና ወደነበረበት ተመለሰ። ደግሜ ብጀምረውም እንዲሁ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ደክሞት ይሆናል እኮ፣ ትንሽ ይረፍ» ትላለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያውከው ላፕቶፑ ላይ የተሰካ ነገር ስለሆነ፣ ፕሪንተሩንም ፍላሹንም ማውሱንም ነቃቀልኩ፤ ጸረ ቫይረሱንም አጠፋሁ። በሦስተኛው ግማሹን አልፎ መንጎድ ሲጀምር ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ በትከሻዬ ጨፈርኩ።

ይሄኔ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ተነሳ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ የምንኖር ሰዎች ባሕር ዛፉ መወዛወዝ ሲጀምር ሻማ ፍለጋ እንነሳለን። አልቀረም፣ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ባትሪው ግን አንድ ስልክ አውርተው እስኪጨርሱ እንኳ አይቆይም። መሃል ላይ ከጠፋ አሮጌውንም ሲስተም አዲሱንም አናገኘውም። የእናቴም ሥራ በዚያው ቀረ ማለት ነው።

እናቴን አየኋት። እሷ በመስኮት ቁልቁል ታያለች። ከግቢያችን ግርጌ ካለው ቤት በረንዳ ላይ አንድ አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል።

ያ የታችኛዋ ጎረቤታችን ቤት ነው። ከእናቴ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤታችን ቤቷን ሠርታ መብራት ስታስገባ የሚቀርባት ምሰሶ በእኛ በኩል ያለው ነበርና፣ ሽቦው በግቢያችን ላይ እንዲያልፍላት ጠየቀች። እናቴ ደግሞ ቆርቆሮዬ ላይ ወድቆ ሊፈጀን ነው ብላ እምቢ አለች። ጎረቤታችን ዙሪያውን ሄዳ ከታችኛው መንገድ፣ ከሌላ መስመር አስገባች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ የማይተዋወቁ ይመስል በአንቱታ ነው የሚነጋገሩት።

እናቴ ነጠላዋን አጣፋችና «የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተነሺ» አለችኝ።

ክዳኑ ከተዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል። ስለዚህ እንደተከፈተ በሁለት እጄ፣ ጢም ያለ የሾርባ ሳህን እንደያዘ ሰው ይዤው ወጣሁ። እናቴ ቻርጀሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ድንጋዩን በቀኝ እለፊው፣ ቀስ በይ እያለች ከፊት ከፊቴ ትመራኛለች። መንገድ ላይ የሰፈራችን ባለሱቅ ምን ሆናችሁ ሲለን አፕግሬድ ላይ ነው አልኩት። እግዜር ይማረው አለ።

በሩን የከፈተችው ጎረቤታችን ራሷ ናት። እናቴ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ቃል ጸጥ የምታሰኝ ሴት፣ «እንደምን ዋሉ» ብላ ጀመረችና የቻርጀሩን ጫፍ ማፍተልተል ያዘች። ጎረቤታችን በመጀመሪያ ላፕቶፑን፣ ቀጥሎ የእናቴን አንገት አየች። ከዚያ ሶኬቱ ከሶፋው ጀርባ መሆኑን ነግራን መንገድ ለቀቀችልን። ስሰካው የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኖ መርገብገብ ጀምሮ ነበር።

ሲስተሙ ተጭኖ አለቀ። ስክሪኑ ጥርት ብሎ መጣ፤ ድምፅ ግን የለም። ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ የቋንቋ አስተማሪ ደግሞ ያለ ድምፅ ምን ትሆናለች። ድምፁን የሚያሠራው አሮጌ ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልተስማማ ይሆናል ብዬ አጠፋሁትና ላፕቶፑን እንደገና አስነሳሁት። ሲስተሙ በፈንታው የራሱን ጫነ። ኢንተርኔት ከስልኬ ሰጥቼው እናቴ ለመለማመጃ የቀዳችውን ትምህርት ከፈትኩ። «አካም ኦልታን»፣ እንደምን ዋላችሁ፣ የሚለው ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። ከጓዳ ጎረቤታችን «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብላ መለሰች። እኔ ጮቤ ረገጥኩ፤ እናቴ ሳቀች፣ ጎረቤታችንም እየሳቀች ወጣች።

ትምህርቱ ተጀመረ። ጎረቤታችን ካሜራው እንዳያያት በርጩማ ስባ ከጎን ተቀመጠች። ተማሪዎቹ የሚጠየቁትን ሁሉ ቀድማ በሹክሹክታ ትመልሳለች፤ ግማሹን ተሳስታለች። እናቴ ፊቷን ሳታዞር በእጇ ዝም በይ ትላታለች። በመጨረሻ ከዚያኛው ወገን የነበሩት የድርጅቱ ኃላፊ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እንድትጀምር ነገሯት። እናቴን እንደዚያ ፊቷ ሲበራ ካየኋት ቆይቻለሁ፤ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ስንወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ሽቅብ ወደ ግቢያችን አየች።

«ያን ሽቦ አሁንም ከፈለግሽ በግቢያችን አሳልፊው» አለች።

ጎረቤታችን ቻርጀሩን ጠቅልላ አቀበለቻት።

«ተይው» አለች። «አንድ መስመር ከሆንን፣ ያንቺ ሲጠፋ የት ልትመጪ ነው?»