መቶ አራት

ከሟቹ ባለቤቴ ኮት ኪስ ውስጥ አንድ የብርጭቆ ቴርሞሜትር አገኘሁ። ጣቴን ሲነካኝ ቀዘቀዘኝ፤ ኮምጣጤና ጥቁር አዝሙድ የሚሸተው በግንቡ ፈላና በር አጠገብ የነበረው የልጅነት ቤታችንም ተመልሶ መጣ።

ትንሹ ወንድሜ በቀይ አፈር የተለቀለቀው መደብ ላይ ተኝቶ ነበር። ከንፈሩ ደርቆ የማይገባን ነገር ያወራል። እናቴ ጊደር መጋላ ገበያ የምትሸጠውን ቅመም ትታ መጥታ፣ አጎቴ ከውጭ አገር ያመጣውን ቴርሞሜትር ከሣጥን አወጣች። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች ማንበቡ ለእኔ፣ ለሰባተኛ ክፍሏ ተማሪ፣ ወደቀ። ወደ በሩ ብርሃን አዙሬ አየሁት። መቶ አራት።

ውሃ በመቶ ዲግሪ እንደሚፈላ በዚያው ሰሞን ተምረን ነበር። የወንድሜ ደም በሰውነቱ ውስጥ ሲንተከተክ ታየኝ። ደረቱ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ የድስት ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ይሰማኛል። እናቴ ቁጥሩን ስነግራት «ያ ረቢ» አለችና ብርድ እንዳይመታው ጋቢ ደረበችበት።

ከእኔ ሁለት ክፍል የሚበልጠው የጎረቤታችን ልጅ የእናቴን ልቅሶ ሰምቶ ገባ። ቴርሞሜትሩን አየና ይሄ በፋራናይት ነው አለኝ። በጣቱ መደቡ ላይ እየጻፈ ሠላሳ ሁለት ቀነሰ፣ በአምስት አባዛ፣ ለዘጠኝ አካፈለ። በሴንቲግሬድ አርባ ወጣ።

እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ወረደለት» ብላ ቁጭ አለች። እኔም ተነፈስኩ። የእሱ ፊት ብቻ አልተፈታም።

«አዴ፣ አልወረደም፤ ትኩሳቱ ያው ነው። አርባም ልጅ ይገድላል። ጋቢውን ያንሱለትና ሐኪም ቤት እንውሰደው።»

«ሂሳብህ ያዳነውን ልጅ አፍህ ሊገድለው ነው?» አለችው።

ጋቢውን ራሱ ገፈፈው። በፔጆ ታክሲ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ሐኪም ቤት ስንወርድ የወንድሜ ሰውነት በልብሴ አልፎ ጭኔን ይፈጀኝ ነበር። አሁንስ ስንት ደረሰ እያልኩ ያንን ልጅ መላልሼ ጠየቅሁት። ወባ ነበር። ወንድሜ ዳነ፤ እናቴም ልጁን እስክትሞት ድረስ «ሂሳቡ» እያለች ጠራችው።

ሂሳቡን አገባሁት። ከቤታችን ሰው በታመመ ቁጥር ያንኑ ቴርሞሜትር እኔ አነብ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሴንቲግሬድ ይመነዝረው ነበር። በመጨረሻው ሕመሙም፣ እሱው ተኝቶ፣ እንደዚያው ነበርን። አንድ ቀን ጠዋት መቶ ሦስት አልኩት። ዓይኑን አልጨፈነም። ወደ እኔ ዞሮ፣

«ዛሬ አንቺ መንዝሪው» አለኝ።

ሠላሳ ሁለቱን ቀነስኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።