አባቴ አሰብ ላይ የበላው ምሳ

ከደሴ የወጣሁት ማታ ነው፤ እናቴ እራት ስታቀራርብ። «ጎረቤት ደርሼ መጣሁ» ብዬ ነጠላዬን ብቻ ደርቤ ወጣሁና ከከተማው ዳር እንድሪስ ከሚጠብቀኝ ጭነት መኪና ላይ ተሰቀልሁ። የተቀመጥነው ከቡና ጆንያ ላይ ነው። ወደ አሰብ የሚወርድ መኪና በረሃውን በቀን አይደፍርም ይባላል። የኮምቦልቻን ቁልቁለት ስንወርድ እናቴ አሁን ወጡን አወጣች፣ አሁን በሩን ከፍታ አየች፣ አሁን አባቴን ጠራችው እያልሁ በልቤ እከተላት ነበር። ባቲ ስንደርስ አለቀስሁ። እንድሪስ «እንመለስ?» አለኝ። «ዝም ብለህ ንዳ!» አልሁት፤ መሪውን የያዘው እሱ ይመስል።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ብዙ እንዳወራችሁብኝ አውቃለሁ። ተጠለፈች ያላችሁም አላችሁ። ማንም አልጠለፈኝም። እንድሪስ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ እናቱና እናቴ ወንፊትና ሙቀጫ ሲዋዋሱ አብረን ያደግን። እኔ ማዕተቤን እንዳሰርሁ፣ እሱም ሶላቱን እንደሰገደ፣ አሰብ ላይ በሽማግሌ ፊት በሰማንያ ተጋባን። አባቴ ይህን ጋብቻ እንቢ ያለበት ምክንያት አንድ ነበር፤ እንድሪስ ያረደውን ሥጋ እኔ አልበላም፣ የእኛ ሰው ያረደውን እሱ አይበላም። «ሁለት ድስት የሚጣድበት ቤት ቤት አይደለም፤ ሆቴል ነው» ይል ነበር። ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ስሜ በቤቱ እንዳይነሣ ከልክሎ ነበር አሉ።

ቡሬ ኬላ ላይ አንድ ወፍራም ዘብ ፋኖሱን ፊቴ ላይ አድርጎ፣ «ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«አሰብ።»

«ባልሽ ተዛውሮ ነው?»

«አይ፣ ልንኖር ነው።»

ፋኖሱን ለጓደኛው ሰጥቶ እስኪበቃው ሳቀ። «ና እያት! ወዳ የመጣች! እኛ ከዚህ ለመውጣት ስለት እንሳላለን፣ እሷ ልትኖር ትመጣለች!» ከዚያ ወደ እንድሪስ ዞረና፣ «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ምን ብለህ ዋሸሃት?» አለው።

«ባሕር አለ አልኋት።»

«ባሕሩስ አለ፤ የሚጠጣው ነው የሌለው» ብሎ አሳለፈን።

እውነቱን ነው። የአሰብን ሙቀት ልነግራችሁ ብሞክር ውሸታም ትሉኛላችሁ። ደሴ ጥላ ስትገቢ ብርድ ብርድ ይልሻል፤ እዚህ ጥላ ማለት ፀሐይ ያላየችው ሙቀት ነው። ጧት ያቦካሁት ሊጥ ማታ ይኮመጥጣል። ቅቤ ከዕቃው ሳይወጣ ወጥ ይሆናል። ሰዉ ግን ደግ ነው፤ የዓፋሩም፣ የትግሬውም፣ የዓረቡም ነጋዴ እንዴት አደርሽ ይልሻል እንጂ የማን ልጅ ነሽ ብሎ ሰባት ቤትሽን አይቆጥርም። መጀመሪያ ይህ ደስ አለኝ። ኋላ ኋላ ግን የማን ልጅ እንደሆንሁ የሚጠይቀኝ ሰው ናፈቀኝ።

እንድሪስ ወደብ ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ቤቱንም ከአንዲት ጣልያናዊት ተከራየን። ሲኞራ ፒና ትባላለች፤ ባሏ እዚሁ ሞቶባት ከጣልያን ጊዜ የቀረች መበለት ናት። አማርኛዋ ከትግርኛውም ከአገሯም ቋንቋ የተቀየጠ ነው። መጀመሪያ ቀን ጣቷን እየቀሰረች ሕጓን ነገረችኝ።

«በርበሬ በግቢዬ አይወቀጥም።»

«እሺ ሲኞራ።»

«ፍየል አይገባም።»

«ፍየል የለንም።»

«ዛሬ የላችሁም። ልጅስ?»

«ገና ነን፣ ሲኞራ።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ልጅ ይግባ። ፍየል ግን በፍጹም!» አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ፎርኖ የምትለው የጡብ ምድጃ ነበራት። ጥቅምት ሲገባ፣ ከደጋ የሚወርዱት መኪናዎች ዱባ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና በመንገድ የጠወለገ ቆስጣ ሲያራግፉ፣ ሲኞራ «መጸው መጣ!» ብላ ታጨበጭባለች። እኔም ዱባውን አቅፌ አሸትተው ነበር፤ የአገሬ አፈር ገና ከቅርፊቱ አልለቀቀም። ያን ጊዜ ነው ቶርታ የምትለውን ያስተማረችኝ። ፉርኖ ዱቄት ይታሻል፣ በስሱ ይዳመጣል፣ ትሪ ላይ ይነጠፋል። ዱባው በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ቆስጣውና ድንቹ ከሽንኩርት ጋር በረድ ባለ እሳት ተቁላልቶ መሐሉ ላይ ይደረጋል። ከዚያ የሊጡ ዳር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መሐሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። እኔ ዳሩን ላሳምር ስታገል እጄን ቸብ ታደርገኛለች። «አታሳምሪው! ይኼ የባላገር ምግብ ነው፤ ዝም ብለሽ እጠፊው!» እሷ ሊጡን በቅቤ ታሸዋለች፤ እኔ ግን በዘይት ማሸት ለመድሁ፣ ጥቁር አዝሙድም ነሰነስሁበት። በቅቤ ፋንታ ዘይት ሳደርግ ስታየኝ ሲኞራ እንደ ሐዘንተኛ ፊቷን ትይዝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አረገዝሁ። እንግዲህ ታውቃላችሁ፤ የመጀመሪያ ልጇን ያለ እናቷ የምትወልድ ሴት ምን ዓይነት የተረገመች ናት? ማን ያርሰኛል? ማን ገንፎ ያገነፋልኛል? ማን በርቺ ይለኛል? ሌሊት ሌሊት ጨነቀኝ። የእንድሪስ አጎት ሼህ ይማም ገበያው ውስጥ ሱቅ አላቸው። ለዕቃ ደሴ ሲወጡ ሽማግሌ ይዘው አባቴ ዘንድ ገቡልኝ። ይዘውልኝ የተመለሱት ቃል ይህ ነበር፦ «ወርጄ በዓይኔ አያለሁ። ቤት ከሆነ እናቷ ትመጣለች። ካልሆነ እንዳልወለድኋት ነው።»

እሑድ ለምሳ ሊመጣ ሆነ። ሼህ ይማምም አብረው ሊቀመጡ። ምን ላቅርብ? በግ ላሳርድ ብል ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፤ አባቴ ደግሞ ያን ሊያይ ነው የሚመጣ። ሽሮ ላቅርብ ብል፣ ይህን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ለመጣ አባት ሽሮ ስድብ ነው። ዓሣስ? የባሕር ዓሣ ሽታው ራሱን ያዞረዋል። እንድሪስ፣ «ያቺን የዱባዋን ሥሪ» አለኝ። ልክ ነበር። ሥጋ የለባት፣ የማንም ቢላዋ አልነካት፣ አንዲት ትሪ መሐል ላይ ተቀምጣ ሁሉም ይቆርሳል። ታዲያ አንድ ቤት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

እሑድ ጧት ሊጡን አሸሁት። ዱባውን ስቆርጥ ጣቴን ቆረጥሁ። ሊጡ አንዴ ተቀደደብኝና ሰፋሁት። ትሪውን ፎርኖው አጠገብ አስቀምጬ እሳቱ እስኪበርድ ስጠብቅ የግቢው በር ተንኳኳ። አባቴ ነው። አርጅቷል። ጋቢውን በዚያ ሙቀት እንደለበሰ ላቡ በጢሙ ይወርዳል። ሮጬ ጉልበቱን ሳምሁ። አላነሣኝም፤ ግን እግሩንም አልሰበሰበም። «ውፍረትሽ ደግ ነው» አለኝ፣ ሆዴን ሳያይ።

ቶርታዋን ሲኞራ አስገባችልኝ፣ ሲኞራ አወጣችልኝ። ሳያት ዳሯ ቀልቶ ያብረቀርቃል፣ ጠርዟ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። እግዜር ረዳኝ አልሁ።

መሐል ላይ አስቀመጥኋት። አባቴ ትሪውን አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ሌላ የሚመጣ ካለ ብሎ ጠበቀ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው አባባ። አንድ ነው።»

«ሥጋ የለውም?»

«የለውም። ዱባና ቆስጣ፣ ድንችም አለው።»

አባቴ ሼህ ይማምን አያቸው። ሼህ ይማምም አዩት። «ታላቅ እርስዎ ነዎት፤ ይባርኩ እንጂ» አሉት በፈገግታ። እንድሪስ ጥግ ላይ ቆሟል። አባቴ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ ሲጀምር ሳህን ላመጣ ወጣሁ።

ፎርኖው ደፍ ላይ አንድ ጣሳ አየሁ። ሲኞራ ከመደርደሪያው ራስ የማታወርደው፣ የአሳማ ሥዕል ያለበት ጣሳ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ነጩ ሞራ ላይ የጣት ፈለግ አለበት።

«ሲኞራ፣ ይህን ምን አደረግሽበት?»

«ስትሩቶ!» አለች፣ ጣቷን እየላሰች። «ዳሩንም ላዩንም ቀባሁት። ዘይትሽ ደረቅ ነው፤ አባትሽ የመርከበኛ ጋሌጣ ብስኩት ሊበላ ነው? ለራሴም አልከፍተው፤ ለአባትሽ ብዬ ነው!»

«የአሳማ ነው!»

«አዎ፣ የአሳማ ነው። ይህ የአባትሽ አይደለም? ለእስላሞቹ ሌላ የሠራሽ መስሎኝ። አባትሽ ክርስቲያን አይደል? እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ እበላለሁ!»

በእግዜር፣ አሳማ እኛ ክርስቲያኖቹም እንደማንበላ የማያውቅ ሰው በዓለም አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያልነገርኋት ለዚህ ነው። እዚያው ቆሜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልዋሻችሁም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ይበላሉ፣ ይጣፍጣቸዋል፣ አባቴ ቤት ነው ይላል፣ እናቴ ትመጣለች። ከውስጥ የሼህ ይማም «ቢስሚላሂ» ተሰማኝ። ልጄ በሆዴ ተገላበጠ። ሮጥሁ።

አባቴ ቆርሶ ወደ አፉ ሲያደርስ ደረስሁ። «አትብሉ!»

ከወሎ ሰው መካከል እንግዳዋን አትብላ ብላ የጮኸች ሴት ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም።  የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ገብቶበት ነው?» አለ በዝግታ።

«የአሳማ ሞራ። ሲኞራ ሳታውቅ... ለእናንተ ብላ...» ከዚያ በላይ አልወጣኝም፤ መሬት ተቀምጬ አለቀስሁ። የእናቴ ነገር አለቀ አልሁ፤ ጮክ ብዬም አልሁት መሰለኝ።

አባቴ ቁራሹን ወደ ትሪው መለሰ። ሼህ ይማምም የያዙትን መለሱ። ትሪዋ መሐላቸው ላይ በእንፋሎቷ ተቀመጠች፣ ማንም የማይነካት። የሲኞራ ድምፅ ከውጭ ይሰማ ነበር፤ «ምስኪን አሳማ፣ ለመሆኑ ምን አደረጋችሁ?» እያለች።

ከዚያ ሼህ ይማም ተነሡና ማስታጠቢያውን ራሳቸው አመጡ። እንድሪስ ሊቀበላቸው ቢል አልሰጡትም። ለአባቴ አስታጠቡት፤ በሳሙና፣ አንዴ፣ ደግመው። አባቴ እጁን አራግፎ ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ወሰደና እሱም ለእሳቸው አስታጠባቸው።

«እንግዲህ ጉድ ነው» አሉ ሼህ ይማም ውሃው እየወረደላቸው። «የምንበላው አላገናኘን፤ የማንበላው አገናኘን።»

አባቴ አልሳቀም። ውሃ ጠጣ። ሌላ ልሥራ ብለው እሺ አላለኝም፤ መኪናው የሚነሣበት ሰዓት ደርሶ ነበር። መኪናው ድረስ ሸኘነው። ስለ እናቴ አፉን ይከፍት እንደሆነ ከንፈሩን ከንፈሩን ሳየው ሄድሁ። ጋቢውን አጣፋ፣ ተሳፈረ፣ ከላይ ሆኖ፣ «ቤታችሁ ይሞቃል» አለ። ይኸው ነው። ቤታችሁ ይሞቃል። አንጀቱ ባዶ እንደሆነ፣ ምንም ሳይቀምስ ያንን በረሃ ተመልሶ ገባ። ያን ቀን እንደጠላሁት ማንንም ጠልቼ አላውቅም፤ ወዲያው ደግሞ በረሃው መሐል ርቦት እየታየኝ ሳለቅስ አመሸሁ።

ለሳምንታት ከደሴ ወሬ አልመጣም። ሆዴ ገፋ። አንድ ቀን ሼህ ይማም ከደሴ የመጣ ነጋዴ እናቴ በገበያ ቀን ስልክ ቤት እንደምትጠብቀኝ እንደነገራቸው አወሩኝ። ጫማዬን ማጥለቅ ሁሉ አቅቶኝ በነጠላ ጫማ ሄድሁ። መስመሩ ሲገናኝ፣ «እማዬ!» ብዬ ስጮህ የስልኩ ሠራተኛ ብዕሩን ጣለና፣ «እመቤት፣ ሽቦ አለ እኮ! በአፍሽ ነው እንዴ ደሴ ልታደርሺው?» አለኝ።

«የሺ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «የሺዬ፣ አንቺ ነሽ?»

ሁለታችንም ለቅሶ ጀመርን፤ ሠራተኛው ወደ ሰዓቱ እያየ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ስለ እግሬ እብጠት ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ «እኔ የምለው፣ አባትሽን ምንድን ነው ያበላሽው?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ከመጣ ጀምሮ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ‹የሺ ቤት ከአንድ ትሪ ጠግቤ በልቼ መጣሁ› ይላል። ምን ነበር ስለው አይነግረኝም። እውነት ጠግቦ ነው የመጣ?»

ያን ቀን ሮጬ አትብሉ ያልሁት እኔ፣ አሁን የስልኩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝሁና፣ «አዎ እማዬ» አልኋት። «ጠግቦ ነው የሄደ።»

«ተመስገን» አለች። ቆየችና፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «እኔስ መቼ ነው የምበላ?» አለችኝ።

መቼ እንደምትነሣ ልጠይቃት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ።