ፊሽካ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ነው

ተማሪዎቹ «ፊሽካ» የሚሉት ከጀርባው ነበር። እሱም ያውቃል፤ ስሙንም ይወደዋል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የስፖርት መምህር ነው፤ ድምፁ ብቻ ከሜዳው ወዲያኛው ጥግ ያለ ተማሪ ያስቆማል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንኳ «እሱ ሲጣራ እኔም ሮጬ ልሰለፍ ይዳዳኛል» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከፍታ ዝላይ ሲያሳይ ጉልበቱ ከዳው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ እያነከሰም ቢሆን ተራመደ፤ መሮጥና መዝለል ግን ከእንግዲህ የለም ተባለ። ርእሰ መምህርቷ ቢሮዋ አስጠርታ ወንበር ሳበችለት።

«ንብረት ክፍል ቦታ አለ። ቀላል ሥራ ነው» አለችው።

«ኳስና መረብ ልጠብቅ?»

«ታዲያ ምን ላድርግህ? በዚህ እግርህ ሜዳ አልልክህም።»

የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ለቅቆ ከሄደ ወዲህ ምትክ አልተገኘም ነበር። «እንግሊዝኛውን ስጪኝ» የሚለው ቃል ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

አልሳቀችም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንግሊዝኛ ለማስተማር ያለው ዲግሪ ብቻ እንደማይበቃው ነገረችው፤ ተጨማሪ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሑድ መምህራን ኮሌጅ ይማራል፣ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፣ በመጨረሻም ፈታኝ ባለበት ክፍል ገብቶ ያስተምራል።

ወሬው መምህራን ማረፊያ ሲደርስ የሂሳብ መምህሩ «እንግሊዝኛን በሰልፍ ሊያስሮጣት ነው» ብሎ አሳቃቸው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ቤት ከዋልክ የማብደው እኔ ነኝ። ሂድና ተመዝገብ» አለችው። እዚያው ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግሊዝኛን ያወቀው ከመጽሐፍ ይልቅ ከሬዲዮ የኳስ ዘገባ ነበር። ስለዚህ ሲናገር ትንፋሽ አይወስድም። ኮሌጅ ውስጥ ስለ ንብ የተጻፈ ምንባብ ሲያነብ፣ ጠጉራቸው የሸበተው መምህርት በትዕግሥት አዳምጠው «ልጄ፣ ስለ ንብ እኮ ነው። ማንም ጎል ሊያገባ አልደረሰም» አሉት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ሰዋስው ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። የጽሑፍ ፈተናውን ወደቀ። ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ሰነበተ። የጣለው ፕረዘንት ፐርፌክት የሚሉት የግስ ጊዜ ነበር። ነገሩ አልፏል ይሉታል፣ መልሰው ደግሞ አላለፈም ይሉታል። መምህርቷ ከክፍል ሲወጣ አስቀሩት።

«ጉልበትህን መቼ ተጎዳህ?»

«አምና።»

«አሁንስ?»

«ይኸው ደረጃ ስወጣ ያቃስታል።»

«በቃ። የሆነው አምና ነው፤ ጦሱ ግን ዛሬም አብሮህ አለ። ያ አነጋገር ለእንዲህ ያለው ነው።»

በድጋሚው ፈተና አለፈ። የማስተማር ፈተናው ሲመደብ ግን የልጁ ክፍል ደረሰው።

ራት ላይ ልጁ «አባዬ፣ እባክህ ሌላ ክፍል ለምናቸው» አለችው።

«ምን አሳፈረሽ?»

«ትጮሃለህ።»

በማግስቱ ኮሌጅ ሄዶ ለመነ፤ እሺ የሚለው አላገኘም።

በዕለቱ ሸበቶዋ መምህርት ከኋላ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እሱም እንዳይጮህ ሲጠነቀቅ ጊዜ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ፤ የፊት ረድፍ ልጆች ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። ስለ ጉልበቱ በእንግሊዝኛ ነገራቸውና እናንተም እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስጡኝ አለ። ሜዳ ላይ የሚፈሩት ልጆች ክፍል ውስጥም ፈሩት፤ አንድም እጅ አልወጣም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

በመስኮቱ በኩል ልጁ እጇን አወጣች። ቆማ «ማይ ፋዘር ሃዝ ሉዝ ሂዝ ዊስል» አለች፤ አባቴ ፊሽካው ጠፍቶበታል ማለቷ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጠመኔውን እንደያዘ ልጁን አያት። አልሳቀችም። ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ልክ ነሽ፤ ጠፍቶበታል» አላት ቀስ ብሎ። «ግሷን ብቻ እናስተካክላት። ‹ሎስት› ነው።» ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ እጁ በዛ። የአንዱ ወንድም መስኮት ሰብሯል፣ የአንዷ አክስት ከጎረቤት ተኳርፋለች። ስሕተቱን እየተቀበለ ሲያርም ድምፁ መቼ እንደተመለሰለት አላወቀም፤ መምህርቷ ከኋላ ሆነው «ዝቅ፣ ዝቅ» እያሉ በመዳፋቸው ምልክት እስኪሰጡት ድረስ።

ወደ ቤት አብረው ሲሄዱ ጠየቃት። «አውቀሽ ነው የተሳሳትሽው?»

«ኧረ አባዬ፣ ደንግጬ ነው።»

«ዓረፍተ ነገሩንስ?»

«እሱን አውቄ ነው።» ቦርሳውን ተቀበለችውና እርምጃዋን በሱ እግር ልክ አዘገመች።

ፈተናውን አለፈ። አሁን የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሱ ነው። ምንባብ ሲጥመው እስካሁን ይፈጥናል፤ ልጆቹም «ቲቸር፣ ቀስ» ይሉታል። የክፍሉ መስኮት ወደ ሜዳው ነው፤ ታች ጨዋታው ሲጋጋል አንዳንዴ ንግግሩን መሃል ላይ ትቶ ሜዳውን ያያል። ተማሪዎቹ ጫጫታው እስኪያልፍ የሚጠብቅ ይመስላቸዋል፤ እነሱም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ትንሽ ያርፋሉ።