ሁለት ፊት ያለው ብረት

በቤተ ሙከራው «ጋሼ መስታወት» ይሏቸዋል። ሥራቸው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብረት ፊቷ ሰው እስኪያሳይ መወልወል ነው። ከዚያ ብረቷ ማሽን ውስጥ ትገባና የአዮን ጨረር ይወርድባታል፤ ጨረሩም አተሞቿን እየገፋ ከቦታቸው ያፈናቅላል።

«የተፈናቀለው ሌሎቹ መሀል ተሸጉጦ ይኖራል፤ የለቀቀው ቦታ ግን ባዶውን ይቀራል» ብለው ለእኔ ለጎረቤታቸው ሲያስረዱኝ፣ «እንደ እኛ ሕንፃ ነዋ» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ባለቤታቸው ካረፉ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው።

ጨረሩ የሚጎዳው ስስ የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳይምታታ ፊቱ ይወለወላል፣ ጀርባው ሻካራ ይተዋል። እሳቸው ግን አንድ ቀን ወደዚያ ጭር ያለ ቤት መግባቱ ከበዳቸውና፣ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ የአንዷን ብረት ጀርባ ጭምር ወለወሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብረቶቹን የምትመረምረው ወጣት ተመራማሪ እየሳቀች መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ ብረት ጉድ ናት። ስድስት ቀን ሙሉ በጨረር ተደብድባ በማይክሮስኮፕ ባያት ባያት አንድም ጉዳት አጣሁባት። ነገ ስብሰባ ላይ አቀርባታለሁ።»

«እሰይ ልጄ» አሏት።

ብረቷን ወደ ሳጥኗ ሲመልሱ መብራት ላይ አጋደል አደረጓት። በሌላኛው ፊት፣ ጨረሩ ያረፈበት ላይ፣ ሻይ የነካው የሚመስል ክብ ታየ። ልጅቱ ያየችው ያልተነካውን ጀርባ ነበር።

የጡረታ ዕድሜያቸው አልፎ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው የሚሠሩት። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ደግሞ «አንድ ስህተት ካየሁ አላድስም» ብሏቸዋል። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ከዚያ ግቢ ውጭ «ጋሼ» ብሎ የሚጠራቸውስ ማን አለ?

ጠዋት በሩ ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ያየሽው ጀርባዋን ነው።»

«የቱን ጀርባ? ሁለቱም መስታወት አይደሉም እንዴ?»

«ጥፋቴ እሱ ነው።»

«ምን ፈልገው ወለወሉት ታዲያ?»

«የምሄድበት አልነበረኝማ።»

ልጅቱ ብረቷን ከስብሰባው አስቀረች፤ ለኃላፊው እሳቸው ራሳቸው ነገሩት። ኃላፊው «ሁለት ፊት ያለው ሰው እንጂ ብረት አላውቅም ነበር» ብሎ ቀለደ፤ ውሉን ግን አላደሰም። ልጅቱ ብትለምነውም አሻፈረኝ አለ።

ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው በስድስት ሰዓት ቤታቸው ደረሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ላይ ነው።

«ቁልፉን ሳዞረው ድምፁ እስከ ላይኛው ፎቅ ተሰማ» አሉኝ። «ማን ነው ያለ ግን የለም።»