ከአምስት ሁለት

የባዮሎጂ መምህርቷ ጵርስቅላ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿን ዓርብ ዓርብ ኩዊዝ ትፈትናለች። ግማሽ ሉክ ወረቀት፣ አምስት ጥያቄ፣ አሥር ደቂቃ። ውጤቱ ሮስተር ላይ አይገባም፣ ደረጃም አያወጣም፤ ሳምንቱን ሙሉ የገባው መስሎ ራሱን እየነቀነቀ ምንም ያልገባውን ተማሪ ግን ያጋልጣል። ከሦስት በታች ያገኘ ሰኞ ከክፍል በኋላ ይቀራል። እሷም በእንግሊዝኛ ያልገባውን፣ በአማርኛም ያልገባውን፣ በሩን ዘግታ በሀዲይኛ ታስረዳዋለች። በሩን የምትዘጋው ዳይሬክተሩ ጓድ ወንዳፈረው ክፍል ውስጥ የአገሬውን ቋንቋ መስማት ስለማይወድ ነው።

ከሀቢቾ መንደር የመጣው ጠና ሁልጊዜ የሚያገኘው ሁለት ነው። ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ሰኞ ሰኞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠይቀው ጥያቄ መምህርቷን ያስገርማታል፤ ዓርብ ሲደርስ ግን ያው ሁለት ነው።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ጓድ ወንዳፈረው ቢሮው ጠራት። ኩዊዟን አመሰገነና ለማጠናከሪያ ትምህርት የደካሞቹን ወንዶች ስም ዝርዝር ጠየቃት። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት፤ አንድ ሰው ልፋቷን አየላት። የአሥራ አንድ ወንዶች ስም በቁም ጽሕፈት ጻፈች። ዕድሜያቸውንም ጨምሪ ሲላት ጨመረች፤ ለማጠናከሪያ ትምህርት ዕድሜ ምን ያደርጋል አላለችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እዚህ ግን ያልጠረጠረችው እሷ፣ የተመነጠሩት ሌሎች ናቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ ስድስቱ አልመጡም። ቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ጎድሎበት ኖሮ፣ ዕድሜያቸው የደረሰውን ከዝርዝሩ መርጦ ከተከራዩበት ቤት እየለቀመ መኪና ላይ ጭኗቸዋል። ጠናም አብሮ ሄዷል። ጵርስቅላ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባች።

«ኮታው እንደሆነ አይቀርም» አላት ወረቀቱን እያገላበጠ። «ጎበዞቹን ልስጣቸው?»

የጠና ወንበር ተጋሪ አበራ የቀረውን ነገራት። ጠና አምስቱንም ያውቃል። ዓርብ ዓርብ ለአበራ ሹክ ይለውና፣ የራሱ ወረቀት ላይ ግን ሦስቱን ሆን ብሎ ያበላሻል። ጎበዝ ከሆነ ሰኞ ከክፍል በኋላ አይቀርማ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ትምህርት የሚሰማው ሰኞ ብቻ ነበር፤ ያቺን ሰኞ በሦስት የተሳሳተ መልስ ይገዛት ነበር።

ከሳምንት በኋላ የጠና እናት ከሀቢቾ በእግሯ መጣች። አላለቀሰችም። ልጇ በጥያቄ ወድቆ ወታደር ሆነ ብለው ነግረዋት ኖሮ፣ መምህርቷን ደጃፍ ላይ አገኘቻትና በሀዲይኛ ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ ምን ብትጠይቂው ነው ያቃተው?»

ጵርስቅላ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። አላቃተውም ብትላት፣ ታዲያ ለምን ስሙን ሰጠሽ የሚለው ይከተላል። ፈራች።

«ከባድ ጥያቄ ነበር፣ እናቴ» አለቻት።

እናትየዋ እንዲህ ከሆነማ ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ልጇ ደካማ እንደነበር አምና ወደ ሀቢቾ ተመለሰች።