ያ ጠጅ የኔ ነበር

ጠጅ መጣል ለአያቴ ከቅድመ አያታቸው የወረደ ሙያ ነው። አሜሪካ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ውስጥም ሕጋቸው ያው ነበር፤ እንግዳ ፊት መጀመሪያ የሚቀምሰው የጣለው ሰው ነው። "ካፈርክም ቀድመህ እፈር" ይሉኛል።

የእህቴ ሰርግ ጊዜ "እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፣ ለኔ ይተዉት! እኔ እንኳን ጠጅ ዊስኪም እጥላለሁ!" አልኳቸው። ዘግይቼ ጀመርኩና አልደርስ ሲለኝ ተደብቄ ስኳር ገለበጥኩበት።

የሰርጉ ቀን አሌክሳንድሪያ አዳራሹ ውስጥ ልቀምስ ብርሌውን ሳነሳ እማማ ነገሩ ሸተታቸው መሰለኝ፣ ከእጄ ቀምተው ጠጡት። ከዛ ለእንግዳው ሁሉ "ዘንድሮስ እጄ ከዳኝ፣ ይቅር በሉኝ" አሉ።

እኔስ? "እማማ አርጅተዋል፣ ጡረታ ይውጡ በሏቸው!" ብዬ ሰው አሳቅኩ። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

አርባቸው ላይ ጠጁ የሱቅ ነበር፣ ቀድሞ የሚቀምስለት ሰው አልነበረም። አንዲት ጎረቤታቸው "ነፍሳቸውን ይማር፣ መጨረሻ ላይ እንኳ እጃቸው ከድቷቸው ነበር" ሲሉ ሰማሁ። ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ብርሌዬን አንስቼ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄድኩ።

ይኸው አሁን ሁላችሁም ስሙኝ፤ ያ ጠጅ የኔ ነበር። የሳቸው እጅ ማንንም ከድቶ አያውቅም።

እማማ፣ ቀድሜ ማፈር ነበረብኝ።