ሳልቀባው የተውኩት ድንኳን

ትናንት የሥዕል መምህራችን ክፍል ድረስ መጥተው፣ «ያንቺ ሥዕል ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል» አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት ደብተሬን ረስቼ ቤቴ ገባሁ። ሥዕሉ ግን የደስታ ሥዕል አይደለም።

ነገሩ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሞጣ ያሉት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ሲያርፉ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ ስለነበር እኛ ቢቸና ሆነን ምንም አልሰማንም። መርዶውን በመርጡለ ማርያም በኩል በእግሩ የመጣ ዘመድ ያደረሰን አርባቸው ካለፈ በኋላ፣ በነሐሴ ዶፍ ነው። ጎረቤት ንፍሮውን ይዞ ተሰበሰበ። እናቴ መሐላቸው ተቀምጣ አንድ ዘለላ እንባ እንኳ አልወጣትም።

«አልቅሺ እንጂ እቴ፤ እንባ በውሰት አይገኝም» አሏት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ።

«ምኑን አይቼ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ እህል አስጠላት። ቀሚሷ እየሰፋት ሲሄድ እያየሁ ፈራሁ። የማውቀው መላ የውሃ ቀለም ብቻ ስለነበር የአያቴን ግቢ ሳልኩላት፤ እኔ የማውቀውን፣ የመስከረሙን፣ ጌሾው ለምልሞ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ።

አየችና መልሳ ሰጠችኝ። «እጅሽ መልካም ነው። ግን ይኼ ሰው ያልሞተበት ቤት ነው። ድንኳኑ የታለ?»

የለቅሶውን ድንኳን እኔስ መች አየሁት? ያረፉት በክረምት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ሌላ ወረቀት አወጣሁና በውሃ አራስኩት። ግራጫውን ከላይ ለቀቅኩት፤ ዝናብ ከሞጣ በኩል ሲመጣ እንደሚወርደው ወረደ። ተራራው ከሰማዩ ጋር ሲቀላቀል አልከለከልኩትም። ጌሾውን አጠቆርኩት፣ ደጁን ጭቃ አደረግኩት። ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ ግን ሳልነካው ተውኩት። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

እናቴ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች።

«በዚህ በኩል ነበር የምገባ» አለች። «አባዬ...»

እትዬ ዘይነባ ልቅሶዋን በግድግዳው ሰምተው መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው አብረው አለቀሱ። የዚያን ዕለት ማታ እናቴ እህል ቀመሰች።

መምህራችን ግድግዳው ሰፊ ነው ብለውኛል። እናንተም ሳትደርሱበት የቀራችሁት የለቅሶ ደጅ ካለ ሳሉና አምጡ። መሳል አንችልም የምትሉም ኑ፤ ለቅሶው የነበረበትን ወር ብቻ ንገሩኝ፣ እኔ እስልላችኋለሁ።